ኦክሲዴሽን ሁልጊዜ ጉዳት ነውን?

«ኦክሲዴሽን የሕዋስን አጽም ይጎዳል» የሚለው የተለመደ አገላለጽ እርማት ያሻዋል። ማይካል የተባለው ኢንዛይም የአክቲንን 44ኛና 47ኛ ሜታዮኒኖች ኦክሲዳይዝ ሲያደርግ የአክቲን ክር ይፈርሳል፤ ሌላ ኢንዛይም ግን ይህንኑ ይቀለብሰዋል። ይህ የሕዋሱ የሥራ ሥርዓት እንጂ ጉዳት አይደለም። ውጤቱን የሚወስኑት የኦክሲዳንቱ ዓይነት፣ መጠንና ቆይታ እንዲሁም የሕዋሱ የግሉታታዮን አቅም ናቸው።

ከወባማ አካባቢ ተመልሶ ልደታ ለሚታከም የቫይቫክስ ሕመምተኛ ፕሪማኩዊን ስናዝዝም ይኸው ይታያል። የጂ6ፒዲ እጥረት ያለበት ቀይ የደም ሕዋስ ግሉታታዮኑን በበቂ መጠን መተካት ስለሚሳነው ሄሞግሎቢኑ ይበላሻል፤ የሽፋኑ አጽም የሆነው ስፔክትሪንም ለጉዳት ይጋለጣል፤ ሕዋሱ ደርቆ ይፈርሳል። እጥረት የሌለበት ሕዋስ ግን ያንኑ መድኃኒት ይቋቋማል። ስለዚህ የኦክሲዳንቱን መጠን፣ ቆይታና የሕዋሱን አቅም ያልገለጸ ጥናት ለሐኪም ውሳኔ አይበቃም።