«ጎደሎ» ሲባል ከምን? ስለ እንግሊዝኛ የጉድለት ቅጽሎችና ስለ አማርኛ ትርጓሜያቸው

እንግሊዝኛ አንድ ነገር ከሚጠበቅበት ልክ አለመድረሱን የሚገልጽባቸው ብዙ ቅጽሎች አሉት። ከእነዚህም «ኢንአዲኩዌት»፥ «ኢምፐርፌክት»፥ «ሚዲዮከር»፥ «ሾዲ»፥ «ዲፊሸንት» የተባሉት ለተማሪ እንግዳ አይደሉም። በየደብተራችን ግን ሁሉም ወይ «ጎደሎ» ወይ «በቂ ያልሆነ» ወይም በደፈናው «መጥፎ» እየተባሉ ይተረጐማሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ልማዱ ስሕተት መሆኑን፥ ስሕተቱም ከአማርኛ ድህነት ሳይሆን ከተርጓሚው ችኮላ የሚመጣ መሆኑን ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ ድርሰቴ «ኢንአዲኩዌት» ተብሎ ተመለሰልኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬም «ሚዲዮከር» ተባለ። ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ የኖረ የቃላት ዝርዝር ነበረንና ገልጠን ብናይ፥ የእኔው «መጥፎ»፥ የእርሱ «መካከለኛ» ይላል። እኔ ድርሰቴን ቀደድሁት፤ እርሱ ግን ደስ ብሎት ለአባቱ አሳየ። ኋላ እንደ ተረዳሁት ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። እኔ ሦስት ጥያቄ ተጠይቄ ለሁለቱ ብቻ በደኅና መልሻለሁ፤ እርሱ ሦስቱንም መልሶ አንዱንም አላጠለቀውም።

የቃላቱ ሥር ይህን ይመሰክራል። «ኢንአዲኩዌት» «እኩል ማድረግ» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ሲሆን፥ ከተፈለገው ልክ ጋር አለመስተካከልን ያመለክታል። ለስድስት ሰው የተጋገረ እንጀራ ለዐሥር ሰው አይበቃም፤ እንጀራው ግን ስለዚህ መጥፎ አይባልም። «ሚዲዮከር» ደግሞ «መካከል» እና «ወጣ ገባ ተራራ» ከሚሉ ሁለት የላቲን ቃላት የተገኘ ነው። እኔ ያደግሁበት ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በደጋ ላይ ያለ ስፍራ ነው። ከቆላው ተነሥቶ ወደ ኮሶዬ አፋፍ የሚወጣ መንገደኛ በእኩሌታው ላይ ቢቀመጥ፥ ቆላውን ለቋል፤ ደጋውን ግን አልረገጠም። «መካከለኛ» ብለን ስንተረጕመው፥ መንገድ ሳለ ቁጭ ማለቱን የሚወቅሰው ወገን ይጠፋል። «ተራ» ብንለው ይሻላል።

«ሾዲ» መጀመሪያ የጨርቅ ስም ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር፥ አሮጌ ሱፍ እየተቦጫጨቀ እንደ ገና ተፈትሎ የሚሠራ ጨርቅ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1861 እስከ 1865) ከእንዲህ ያለው ጨርቅ የተሰፋ የወታደር ልብስ ቶሎ እየተበጣጠሰ ስላስቸገረ፥ ስሙ ላዩን አስመስለው ለሠሩት ሥራ ሁሉ ቅጽል ሆነ። ስለዚህ «ሾዲ» የሚከሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሠሪውንም ነው። «መናኛ» ዕቃውን ይነካል፤ «የይስሙላ ሥራ» ግን ሠሪውንም ይደርስበታል። «ኢምፐርፌክት» በአንጻሩ ማንንም አይከስም። የሰዋስው ሊቃውንት «ይሰብራል» የሚለውን የአማርኛ ግሥ በዚህ ስም ሲጠሩት፥ ግሡ እንከን አለበት ማለታቸው ሳይሆን ድርጊቱ አላለቀም ማለታቸው ነው።

እንግዲህ አማርኛ ይህን ያህል መለየት ይችላልን? በኮሶዬ መልሱ ከማድ ቤት አይርቅም። ባለፈው ክረምት ለዚህ ጽሑፍ ስዘጋጅ አያቴን «እምዬ፥ ይህ ጠላ ጎደሎ ነው ይባላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ስቀው «ልጄ፥ ጋኑማ ሙሉ ነው፤ ጠላው ነው ቅራሪ» አሉኝ። በእርሳቸው አነጋገር ጎደሎ የሚባለው እስከ አፉ ያልሞላው ቁና ነው። ገብሱ ግርድ ይበዛበታል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ገንቦው ሸራፋ ነው፤ ነጠላው ነትቧል፤ ወጡ አልጫ ነው። እያንዳንዱ ቃል ጉድለቱን ብቻ ሳይሆን ጉድለቱ የተለካበትን ልክም ይናገራል። ትምህርት ቤት ስንገባ ግን ይህን ሁሉ ከደጅ ትተን በአንድ «ጎደሎ» እንጽፋለን።

መጻሕፍቱስ? ፒተር ማርክ ሮዤ በ1852 በፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተመው የተመሳሳይ ቃላት መጽሐፍ ቃላትን በሐሳብ ዘመድነታቸው ይሰበስባል እንጂ ልዩነታቸውን አይፈታም፤ ቋንቋውን ላደገበት ሰው ይረዳል፥ ለእኛ ለተማርነው ግን ወጥመድ ይሆናል። ቮልፍ ሌስላው በ1973 ያወጣው የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ በማሳየቱ ከዝርዝር እጅግ ይሻላል፤ ቢሆንም ልዩነቱን ማውጣት የአንባቢው ፈንታ ነው። «በቂ ያልሆነ» ለ«ኢንአዲኩዌት» ትክክለኛ ትርጓሜ መሆኑን አልክድም፤ ጥፋቱ ለሌሎቹም ሁሉ ማዋሉ ነው።

ጥፋቱ የሚከፋው ቃሉ ከዕቃ ወደ ሰው ሲሻገር ነው። በ1913 በእንግሊዝ አገር የወጣ ሕግ ሰዎችን «ዲፊሸንት» በሚለው ቃል ዘመድ ፈርጆ፥ በ1959 በሌላ ሕግ እስኪተካ ድረስ ብዙዎችን በተቋም አስዘግቷል። እኛም ዘንድ «አካለ ጎደሎ» የሚለው አጠራር ረጅም ዘመን ሠርቷል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568 ግን «አካል ጉዳተኞች» ይላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ጉዳት በሰው ላይ የደረሰ ነገር ነው፥ «ጎደሎ» ግን ሰውየውን ራሱን ቁና አድርጎ ይሰፍረዋል። ሰው እስከ የት ሲሞላ ሙሉ እንደሚባል የሚወስን ልክ ማን አወጣ?

ስለዚህ ተርጓሚም ሆነ አራሚ እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥመው ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ይመስለኛል፤ ልኩ ምንድር ነው? ልኩን ያወጣው ማን ነው? የሚወቀሰውስ ነገሩ ነው ወይስ ሠሪው? እነዚህን ሳይመልስ «ጎደሎ» ብሎ የሚጽፍ ሰው፥ የጎደለው የራሱ ትርጓሜ ነው።