አል-ጃሒዝና የእንስሳት አካል፦ ስለ አንድ የተለመደ አባባል የቀረበ ሒስ

በደርሶችና በኹጥባዎች አንድ አባባል ደጋግመን እንሰማለን፦ የዝግመተ ለውጥን ሐሳብ ከዳርዊን አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቀድሞ የደረሰበት የበስራው ሊቅ አል-ጃሒዝ ነው ይባላል። አባባሉ ሙስሊም ሊቃውንት ለዕውቀት ያበረከቱትን ለማሳየት በቅን ልቦና የሚነገር ነው። ሆኖም ኪታቡን ከፍተን ስናነብ የሚጸና ሆኖ አላገኘነውም።

በ255 ዓመተ ሒጅራ (868/9 እ.ኤ.አ.) ያረፈው አቡ ዑስማን ዐምር ኢብን በሕር አል-ጃሒዝ፣ ኪታቡል ሐየዋን በተሰኘው ሰፊ ሥራው ደካማው የብርቱው ሲሳይ እንደሚሆን፣ ብርቱውም ከእርሱ ለበረታው እንደሚዳረግ ይጽፋል። የበኑ ሱለይም ጥቁር ድንጋያማ ምድር በነዋሪዎቹና በእንስሳቱ ቀለም ላይ አሳድሯል ያለውን ተጽዕኖም ያወሳል። የአባባሉ ደጋፊዎች የሚጠቅሱት እንዲህ ያሉትን ቦታዎች ነው። ዳርዊን በ1859 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሙግት ግን ሌላ ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፉ ጥቃቅን ልዩነቶች በብዙ ትውልድ ተጠራቅመው ከአንድ ዝርያ ሌሎች ዝርያዎች ይወጣሉ የሚል ነው። ይህን ሰንሰለት በአል-ጃሒዝ ዘንድ አናገኘውም። ንድፈ ሐሳቡ ተቀባይነት አለው ወይስ የለውም የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ እዚህ የምንመዝነው ኪታቡ የሚለውንና የማይለውን ብቻ ነው።

በዚህ ውዳሴ የተሸፈነው የሊቁ እውነተኛ ትምህርት ነው። በእርሱ ዘንድ ግዝፈት የማስረጃነት ሚዛን አይደለም፤ ጠጠር ከተራራ ባላነሰ ወደ ፈጣሪው ያመለክታል።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ዕውቀት ደግሞ እያንዳንዱ መጠን የራሱ ሥራና የራሱ ዋጋ እንዳለው በስሌት አሳይቷል። የአንድ እንስሳ ቅርጽ ሳይለወጥ ቁመቱ፣ ወርዱና ርዝመቱ እጥፍ ቢሆኑ፣ አጥንቱ ሲቆረጥ የሚታየው ስፋት አራት እጥፍ፣ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ግዙፍ እንስሳ ወፍራም አጥንት የሚያስፈልገው ስለዚህ መሆኑን ጋሊሊዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል። ዝሆን እንደ ምሰሶ ቀጥ ባሉ ወፋፍራም እግሮች ይቆማል፤ ጉንዳን ግን በቀጫጭን እግሮቿ ከራሷ ክብደት የሚበልጥ ሸክም ታነሳለች። ቅርጿን እንደያዘች በዝሆን ልክ ብትገዝፍ የገዛ እግሯ ባልተሸከማት ነበር።

ሱረቱል ጋሺያ (88፥17) አፈጣጠሩን እንድንመለከት የሚያሳስበን ግመልም የዚሁ ምሳሌ ነው። ትልቅ አካሉ ሙቀትን የሚቀበለው ቀስ ብሎ ነው። ውሃ ሲያጣ የሰውነቱ ሙቀት ሌሊት ወደ 34፣ ቀን ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ በዚህም በላብ የሚወጣውን ውሃ ይቆጥባል። ረጃጅም እግሮቹ ከጋለው መሬት ያርቁታል፤ ስቡም ገላውን ሁሉ ከመሸፈን ይልቅ በአመዛኙ በሻኛው ተሰብስቧል። ይህን የሚያስተምር ኡስታዝ የቀዳሚነት ሽሚያ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም።

ጉዳዩ የአማና ጉዳይ ነው። አንድ ደረሳ ነገ ዐረብኛውን ራሱ አንብቦ የተነገረውን ቢያጣው፣ ጥርጣሬው በዚያ አባባል ላይ ብቻ አይቆምም፤ ከዚያው መምህር ወደ ሰማው ሌላ ትምህርትም ይሻገራል። አል-ጃሒዝ ራሱ የአሪስቶትልን ዘገባ ያልተረጋገጠ ሆኖ ሲያገኘው ከመንቀፍ አልተመለሰም። ክብሩን የምንጠብቀው እርሱ ሌሎችን በመዘነበት ሚዛን እርሱንም ስንመዝን ነው። አላህ የበለጠ ያውቃል።