ሮማውያን ወደ ኢየሩሳሌም የገቡበት ታሪክ በዮሴፍ ሁለት መጻሕፍት

የአገራችን ሊቃውንት ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ሲባል የሚያስቡት ዜና አይሁድን ነው። ያ መጽሐፍ ግን መርማሪዎች እንደ ደረሱበት በ10ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ በዕብራይስጥ ተጽፎ፣ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። የዛሬው ነገራችን ከእርሱ አስቀድሞ ስለ ነበረው ስለ ማትያስ ልጅ ስለ ዮሴፍ ነው። ይህ ዮሴፍ በሮም ተቀምጦ፣ በቄሣሮች ቸርነት እየኖረ፣ የአይሁድን ጦርነት በ75 ዓ.ም. ገደማ፣ የአይሁድን ጥንታዊ ታሪክ ደግሞ በ93 ወይም በ94 ዓ.ም. ጻፈ (ዓመታቱን በአውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን)። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ዓመት ጶምጵዮስ ኢየሩሳሌምን እንዴት እንደ ያዘ በሁለቱም ይተርካል። ታሪኩ አንድ ሲሆን የኋለኛው ከፊተኛው እጅግ ይበልጣል፤ የሚበልጥበትንም ምክንያት ለአንባቢዎቻችን ልናሳይ እንወዳለን።

ንግሥት እለእስክንድራ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ67 ዓመት በሞተች ጊዜ ሁለቱ ልጆችዋ በመንግሥት ተጣሉ። ታላቁ ሂርቃኖስ ሊቀ ካህናት ነበረ፤ ታናሹ አርስጦብሎስ ግን ደፋር ነበረና ዙፋኑን ነጠቀው። የሄሮድስ አባት አንቲጳጥሮስ ሂርቃኖስን መክሮ ወደ ዐረብ ንጉሥ ወደ አሬታስ ወሰደው። አሬታስም 50 ሺህ ሠራዊት ይዞ መጥቶ አርስጦብሎስን ኢየሩሳሌም ላይ ከበበው። እንግዲህ የመጀመሪያው ባዕድ በወንድም ጥሪ ገባ፤ ሮማዊው ሁለተኛ ነው።

እስከዚህ ሁለቱ መጻሕፍት ከሞላ ጐደል ይስማማሉ። ከዚህ በኋላ ግን ፊተኛው መኳንንትንና የጦር አለቆችን ብቻ ሲያይ፣ የኋለኛው ኦንያስን ያመጣልናል። ኦንያስ ስለ ዝናም ጸልዮ የተሰማለት ጻድቅ ሰው ነበረ፤ የወንድማማቾቹን ጦርነት ባየ ጊዜ ተሸሸገ። የሂርቃኖስ ወገኖች ወደ ሰፈር አምጥተው የተከበቡትን እንዲረግምላቸው ግድ አሉት። እርሱ ግን ከባቢውም ተከባቢውም የእግዚአብሔር ወገን ነውና፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚለምነው እንዳይሰማ ጸለየ። በድንጋይ ወግረው ገደሉት። ዮሴፍ ንግግር ማስረዘም የሚወድ ጸሓፊ ሲሆን እዚህ ላይ ቃሉን ቈጥቦአል፤ እኔም በታሪኩ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ስፍራ አላገኘሁም። ወዲያውም የተከበቡት ካህናት ለፋሲካ መሥዋዕት የሚሆን ከብት ለመግዛት ለአንዱ ራስ 1,000 ድሪም በቅጥሩ ላይ በገመድ እንዳወረዱ፣ ከባቢዎቹም ገንዘቡን ተቀብለው ከብቱን እንደ ከለከሉ ይነግረናል።

የሮም ሹም ስካውሮስ በመጣ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ላኩበት። በፊተኛው መጽሐፍ የአርስጦብሎስ 300 መክሊት ፍርድን አሸነፈ ይላል። በኋለኛው ግን ሁለቱም 400 መክሊት ተስፋ ሰጥተውታል፤ ስካውሮስም እንደ ነጋዴ አስልቶ፣ ታናሹ ገንዘብ ያለው፣ እጁም የተፈታ፣ የሚለምነውም ቀላል ስለ ሆነ ወደ እርሱ አዘነበለ። ፊተኛው ጉቦን ይወቅሳል፤ የኋለኛው የጉቦውን ሒሳብ ያሳያል። አሬታስ የሮም ጠላት እንዳይባል ፈርቶ ከበባውን ትቶ ሄደ። ሮም ያን ጊዜ ጦር ሳትሰብቅ ዳኛ ሆነች።

ከዚያም ነገሩ በደማስቆ በጶምጵዮስ ፊት ቀረበ። በኋለኛው መጽሐፍ ከሁለቱ ወንድማማቾች ሌላ ሦስተኛ ከሳሽ አለ፤ ይኸውም ሕዝቡ ነው። የአባቶቻችን ልማድ ለካህናት መታዘዝ ነውና ሁለቱም አይንገሡብን አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ደራሲው በጥቂት ቃል ማለፉ ያሳዝናል። እነማን ነበሩ? ማንስ ላካቸው? ይልቁንም ሁለቱን ነገሥታት የጠሉት ሰዎች ሳይቀሩ አቤቱታቸውን የተናገሩት በባዕድ አለቃ ፊት መሆኑን ዮሴፍ ያስተዋለው አይመስልም።

ፍጻሜው የታወቀ ነው። የሂርቃኖስ ወገኖች የከተማውን በር ከፈቱ፤ ቤተ መቅደሱ ሦስት ወር ተከቦ ተያዘ፤ እንደ ዮሴፍ ቍጥር 12 ሺህ ሰው ሞተ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በገዛ ወገኖቻቸው እጅ ነው። ዮሴፍ በደሉን በሁለቱ ወንድማማቾች ላይ ይጥላል፤ ፍርዱም እውነት ነው። ለጶምጵዮስ ግን ሚዛኑ ይቀልለታል፤ የሮምን እንጀራ የሚበላ ጸሓፊ ነውና አይደንቅም። ጶምጵዮስ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ገብቶ 2,000 መክሊት ሳይነካ ስለ ወጣ ያመሰግነዋል። በዚያው መጽሐፍ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ክራሱስ የተባለው ሌላው ሮማዊ ያንኑ 2,000 መክሊት እንደ ወሰደው ተጽፎአል። ደራሲው ሁለቱን ጐን ለጐን አላኖራቸውም፤ አንባቢው ቅጠሉን ገልብጦ ራሱ ማገናኘት ይኖርበታል።