አዲሱ ብራውዘርና የኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር

የኮምፒውተር ትምህርት በምንከታተል ተማሪዎች መካከል ባለፉት ጥቂት ዓመታት አንድ የደስታ ወሬ ይሰማል። ይኸውም፥ ተጠቃሚው የሚያየውና የሚነካው የድረ ገጽ ክፍል እንደ ቀድሞው በብዙ ድካም መሠራቱ ቀርቶ፥ ገጹን የሚከፍተው ብራውዘር ራሱ ሥራውን እየተረከበ ሄዷል የሚል ነው። ይህ አባባል እውነትነት አለው። ነገር ግን እውነቱ እስከ የት ድረስ እንደሚሄድ፥ በተለይም በደሴና በኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅም ሳይመረመር የሚነገር ይመስለኛል። ስለዚህ በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ አዲሶቹን መሣሪያዎች በሦስት ሚዛን፥ ማለት በክብደታቸው፥ በስልኮቻችን ዕድሜና በዘመን አቈጣጠራችን ልመዝናቸው እሞክራለሁ። ሦስተኛው ሚዛን ከሁለቱ የበለጠ ቦታ የወሰደበት ምክንያት ከጽሑፉ ሂደት ይታወቃል።

1. መሣሪያዎቹ

በመጀመሪያ ነገሩን በቀላል ምሳሌ እናስረዳ። አንድ ድረ ገጽ ሠሪ፥ ቁልፍ ሲነካ በገጹ ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ እንዲል ቢፈልግ፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁሉንም በራሱ እጅ መጻፍ ነበረበት። ሳጥኑን መደበቅ፥ ሲጠራ ማሳየት፥ ከሌሎቹ ክፍሎች በላይ ማስቀመጥ፥ ከውጭ ሲነካ መዝጋት፥ ዓይነ ስውር የሆነ ተጠቃሚም በድምፅ አንባቢው እንዲከታተለው ማድረግ የእሱ ኀላፊነት ነበር። ይህን ድካም ለማቃለል ዝግጁ የኮድ ስብስቦች ተነሡ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ጄክዌሪ፥ በ2011 ቡትስትራፕ፥ በ2013 ሪአክት ወጡ። የሠሪው ሥራ ቀለለ። ሸክሙ ግን አልጠፋም፤ ከሠሪው ትከሻ ወርዶ በአንባቢው ስልክ ላይ ተጫነ እንጂ። ገጹን የከፈተ ሁሉ ስብስቡንም አብሮ ማውረድ ግድ ሆነበት።

አዲስ የተባለው ነገር እንግዲህ ይህን ሸክም ብራውዘሩ መረከቡ ነው። ዲያሎግ የተባለው መለያ በክሮም ከ2014 ጀምሮ ቢኖርም፥ ፋየርፎክስና ሳፋሪ የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ነው። ፖፖቨር የተባለው ባሕርይ በክሮም በሜይ 2023፥ በሳፋሪ በሴፕቴምበር 2023፥ በፋየርፎክስ በኤፕሪል 2024 ገባ። በዚህ ባሕርይ ሠሪው በሳጥኑ ላይ አንድ ቃል፥ በቁልፉም ላይ ሌላ ቃል ብቻ ይጽፋል፤ ማሳየቱን፥ ከሁሉ በላይ ማስቀመጡን፥ ከውጭ ሲነካ መዝጋቱን ብራውዘሩ ይፈጽመዋል። አንዲት የጃቫስክሪፕት መስመር እንኳ አያስፈልግም። ሳጥኑን ከቁልፉ አጠገብ የሚያስተካክለው አንከር ፖዚሽኒንግ የተባለው ሥርዐት በክሮም በሜይ 2024፥ በሳፋሪ በሴፕቴምበር 2025 ታየ። የመምረጫ ዝርዝርን መልክ እንደ ፈቃድ ለመለወጥ የሚያስችለው ደግሞ በክሮም በኤፕሪል 2025 ወጣ። ቀድሞ እያንዳንዱ ብራውዘር በየራሱ መንገድ ይሄድ እንደ ነበረ ለሚያስታውስ ሰው፥ አፕል፥ ጉግል፥ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ ከ2022 ጀምሮ ኢንተሮፕ በተባለ የጋራ ዕቅድ መሥራታቸው ራሱ ትልቅ እርምጃ ነው።

2. ክብደት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር ጉዞ እንኳ በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ የስልክ መረብ ሲደክምና ሲበረታ የተመላለሰበት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህም የከፋ ጊዜ አልፏል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲደርስባቸው መገናኛው ሁሉ ተቋረጠ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተዘግቶ ብዙ ወራት ቆየ። መረቡ ሲኖርም በፓኬጅ የሚገዛ ነው፤ ከባድ ገጽ ማለት ውድ ገጽ ማለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ገጾቻችንን የሚያከብዳቸው ፊደላችን ነው ይላሉ። በእርግጥ ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ሲወስድ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ብቻ ይወስዳል። ይሁን እንጂ የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት ስለሚይዝ ልዩነቱ እስከ ሦስት እጥፍ አይደርስም። ደግሞም አንድ ሺህ ፊደል ያለው የአማርኛ ጽሑፍ 3 ሺህ ባይት ያህል ቢሆን፥ ያንን ጽሑፍ ለማሳየት አብሮት የሚላከው የኮድ ስብስብ ብዙ ጊዜ በመቶ ሺዎች በሚቈጠር ባይት ይለካል። ስለዚህ ጥፋተኛው ፊደሉ አይደለም። በዚህ ሚዛን አዲሶቹ መሣሪያዎች ያለ ማመንታት ሊመሰገኑ ይገባል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅሙትም ደካማ መረብ ያለውን ሰው ነው።

3. የስልክ ዕድሜ

ሁለተኛው ሚዛን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብራውዘሩ የሚያውቀውን ነገር ስልኩ ካልተቀበለ ጥቅም የለውም። ክሮም በአንድሮይድ 6 ላይ የቆመው በ106ኛው እትም ነው፤ ፖፖቨር ግን የገባው በ114ኛው ስለሆነ በእንዲህ ያለው ስልክ አይሠራም። አንድሮይድ 7 በ119ኛው እትም ቆሟል፤ ስለዚህ ፖፖቨር አለው፥ በ125ኛው የመጣው አንከር ፖዚሽኒንግ ግን የለውም። አንድሮይድ 8ና 9 በ138ኛው ቆመዋል፤ እነዚህ ሁለቱም አሏቸው።

እንግዲህ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በሚሠራ ስልክ አገር፥ «አሁን ሁሉም ብራውዘር ይችለዋል» የሚለው አነጋገር «አሁን ሁሉም አዲስ ብራውዘር ይችለዋል» ተብሎ መታረም አለበት። ሆኖም ነገሩ ተስፋ የሚያስቈርጥ አይደለም። ጠቢብ ሠሪ መጀመሪያ በአሮጌው ስልክ የሚሠራውን ያኖራል፥ ከዚያም ለአዲሱ ጌጡን ይጨምራል። ጌጡ ባይታይ ሥራው አይቆምም። የሚያሳዝነው ብዙዎቻችን ተገላቢጦሹን መልመዳችን ነው።

4. ዘመን አቈጣጠር

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ልጆች ሁለት ዓይነት ቀን እየጻፍን አድገናል። ከውጭ የመጡት መምህራን በሰሌዳው ላይ የአውሮፓን ቀን ይጽፉ ነበር፤ የስም መጥሪያው መዝገብ ግን በእኛ ቀን ይሞላል። ስለዚህ ቀን ያለ ዘመን አቈጣጠሩ ስም ግማሽ ቃል መሆኑን ከልጅነታችን ተምረናል። ድረ ገጾቻችን ይህን አልተማሩም።

ለድረ ገጽ ሠሪዎች ከተሰጡት ዝግጁ ነገሮች አንዱ የቀን መሙያ መስክ ነው። አንድ ቃል ተጽፎ ይመጣል፤ የቀን መምረጫም አብሮት አለ። የኤችቲኤምኤል ደንብ ግን ይህ መስክ የሚይዘው የግሪጎርያንን ቀን ብቻ እንደሆነ ወስኗል። በሞከርኋቸው የአንድሮይድ ስልኮች ቋንቋው ወደ አማርኛ ሲለወጥ፥ ወራቱ ጥቅምትና ኅዳር ሆነው አልመጡም፤ ኦክቶበርና ኖቬምበር በፊደላችን ተጽፈው መጡ እንጂ። ቋንቋው ተተረጐመ፥ ቀኑ ግን አልተተረጐመም።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል አንድ የማውቀውን ነገር ልናገር። በደሴ የምትኖር አንዲት ዘመዴ የተወለደችው ጥቅምት 21 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2001 ማለት ነው። በመታወቂያዋ ላይ 21/2/1994 ተብሎ ተጽፏል። በ2018 ዓ.ም. መስከረም ለአንድ ሥራ በድረ ገጽ ስትመዘገብ የመታወቂያዋን ቍጥር እንዳለ ሞላችው። መስኩ ተቀበላት። መዝገቡ ግን ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1994 ብሎ ስለያዘው በ7 ዓመት ከ8 ወር ከ10 ቀን አስረጃት። ማስታወቂያው ዕድሜው ከ30 ያልበለጠ ይላል፤ የ23 ዓመቷ ልጅ የ31 ዓመት ሴት ሆና ተገኘችና ከመጀመሪያው ዝርዝር ወጣች። ስሕተቱ እስኪታወቅ ድረስ የምዝገባው ጊዜ አለፈ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን በቍጥር መረመርሁት። አንድ ኢትዮጵያዊ የልደቱን ቀን፥ ወርና ዓመት በእኛ አቈጣጠር በአኀዝ ቢሞላ ብራውዘሩ ስንቱን ይመልስበታል? ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወራት ሁሉ 30 ቀን አላቸው፤ ከፌብሩዋሪ በቀር የአውሮፓም ወራት 30 ወይም 31 ቀን አላቸው። ስለዚህ የሚመለሱት የጳጉሜን 5 ቀኖች (13ኛ ወር ስለሌላቸው) እና ጥቅምት 29ና 30 (2ኛው ወራቸው 28 ቀን ስለሆነ) ብቻ ናቸው። ከ365ቱ ቀኖች 358ቱ ያለ አንዳች ተቃውሞ ያልፋሉ። ሁሉም ስሕተት ናቸው። በጳጉሜን ወይም በጥቅምት 29ና 30 የተወለደው ሰው ብቻ ከበሩ ላይ ይመለሳል፤ እሱም ቢበሳጭም ዕድለኛ ነው፥ ስሕተቱን ያውቃልና። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከጧቱ 2 ሰዓት ብሎ 2፡00 የሞላ ሰው ለመሣሪያው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብሎታል።

ይህ የሚያስገርመው ብራውዘሩ የእኛን ዘመን አቈጣጠር የማያውቅ ባለመሆኑ ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ በዚህም እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ድካም አለበት። ኢንተል በሚል አጭር ስም የሚጠራው የጃቫስክሪፕት ክፍል ማንኛውንም ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ለውጦ መስከረም፥ ጥቅምት እያለ ይጽፋል። በፋየርፎክስ በሜይ 2025፥ በክሮም በጃንዋሪ 2026 የገባው ቴምፖራል የተባለው ክፍልም በእኛ ወራት መደመርና መቀነስ ያስችላል። እንግዲህ ብራውዘሩ ቀናችንን መናገር ይችላል፥ መስማት ግን አልተማረም። የመምረጫ ዝርዝሩን መልክ እስከ ቀለሙ ድረስ ለሠሪው ክፍት ሲያደርጉ የቀኑን መስክ ዝግ አድርገው መተዋቸው፥ በእኔ አስተያየት፥ የዚህ ሁሉ መልካም ሥራ ዋና ጉድለት ነው። ጉድለቱም የእኛ ብቻ አይደለም፤ የራሳቸው አቈጣጠር ያላቸው ፋርሶችም ይካፈሉታል።

5. ያደረግሁት ሙከራና ያስተማረኝ

በዚህ ተነሣሥቼ በአዲሶቹ መሣሪያዎች አንድ የኢትዮጵያ ቀን መምረጫ ሠራሁ። ሳጥኑ በፖፖቨር ይከፈታል፤ የወራቱን ስም ኢንተል ይሰጣል፤ 13ቱም ወራት አሉ። ከውጭ የተወሰደ አንድም ስብስብ የለበትም። እጅግ ደስ ብሎኝ ለእናቴ አሳየኋትና የልደት ቀኗን እንድትሞላ ጠየቅኋት። ጥቂት ጊዜ ቀስቱን ወደ ኋላ ከነካች በኋላ፥ «ልጄ፥ በዚህ ዓይነት እኔ የተወለድሁበት ዓመት ድረስ ስወርድ ሊመሽ ነው» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

እሷ እውነት ነበራት። በወር በወር የሚገለጥ ሰሌዳ የሚመጣውን ሳምንት ቀጠሮ ለመያዝ እንጂ የልደት ቀን ለመሙላት አይመችም። በማግሥቱ ሦስት ተራ መስኮች አደረግሁላት፤ ቀን፥ ወር፥ ዓመት። ወሩ በስሙ ይመረጣል፥ ዓመቱ ይጻፋል፥ አጠገቡም «ዓ.ም.» የሚል አለ። ከሥር ደግሞ የሞላችው ቀን በሁለቱም አቈጣጠር ተጽፎ ይታያል። ወዲያው ጨረሰችው። ይህ ሁለተኛው አሠራር ከአዲሶቹ መሣሪያዎች አንዱንም አይጠቀምም፤ በአንድሮይድ 6ም ይሠራል። ስለዚህ ትችቴ ከብራውዘር ሠሪዎች አልፎ በመጀመሪያ ወደ ራሴ ይመለሳል። መሣሪያው ስለ ቀለለልኝ ሥራው የቀለለ መስሎኝ ነበር።

6. መደምደሚያ

ከላይ የተባለው ሁሉ ሲጠቃለል እንዲህ ይሆናል። አዲሶቹ የብራውዘር መሣሪያዎች ገጽን በማቅለል ረገድ እውነተኛ ጥቅም ሰጥተውናል፤ ለአሮጌ ስልክ መጠባበቂያ እየተው ሊሠራባቸው ይገባል። የዘመን አቈጣጠራችንን ችግር ግን አልፈቱትም፥ ዝግጁው የቀን መስክም ለኢትዮጵያዊ የልደት ቀን ሊቀመጥ አይገባውም።

አንዳንዱ ሰው «እንደ ዓለሙ በግሪጎርያን እንቍጠርና ይብቃ» ይል ይሆናል። ይህ ለወደፊቱ የሚከራከሩበት ነገር ነው። የዘመዴ መታወቂያ ግን ትናንት በእኛ ቀን ተጽፏል፤ መዝገቡም ማንበብ ያለበት ትናንት የተጻፈውን ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ገጽ የምንሠራ ተማሪዎች ሁሉ በእያንዳንዱ የቀን መስክ አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብለን እንጻፍ፤ ወጪው ጥቂት ፊደል ነው። ሁለተኛ፥ በደሴና በኮምቦልቻ ያለን የኮምፒውተር ተማሪዎች ከመምህሮቻችን ጋር ሆነን፥ አንድ የተፈተነ የኢትዮጵያ ቀን መሙያ ለሁሉ እንዲያገለግል እናዘጋጅ፤ የ358ቱንም ቀን ሒሳብ ጨምረን ለኤችቲኤምኤል ደንብ አዘጋጆች በጽሑፍ እናቅርብ። ደንቡን ከ2017 ጀምሮ የሚመሩት አራቱ ኩባንያዎች ቢሆኑም፥ የአሳብ መቀበያው መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። ስሕተት ካገኛችሁብኝ እንድታርሙኝ እየለመንሁ ጽሑፌን እዚህ ላይ እፈጽማለሁ።