ካፕስ ሎክ ለአማርኛ

የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው ካፕስ ሎክ ለአማርኛ ጸሐፊ ጥቅም የለውም። እንዲያውም ጉዳት አለው። ሊኑክስ ላይ አማርኛን በላቲን ፊደላት በሚተይበው የሴራ አጻጻፍ ስንጽፍ ትንሿ "ቲ" ተን፣ ትልቋ ጠን ታወጣለች፤ "ኤን"ም እንዲሁ ነን ወደ ኘ ትለውጣለች። ጣት ሳያስበው ካፕስ ሎክን ከነካ "ተነነ" የነበረው "ጤኜኜ" ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የድሮ ሥራውን በአንድ ትእዛዝ አስጥለዋለሁ። ብዙዎች በምትኩ ቋንቋ ማቀያየሪያ ያደርጉታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ማቀያየሪያ ሁልጊዜ "አሁን ያለሁት በየትኛው ነው?" ያሰኛል፤ ዓይን ከዐረፍተ ነገሩ ተነሥቶ ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት ፍለጋ ይሄዳል። ጥሩ አቋራጭ መድረሻው አንድ መሆን አለበት። የእኔ ካፕስ ሎክ ሲጫኑት አይባስን (የቋንቋ ማስገቢያ ፕሮግራሙን) ወደ አማርኛ ይወስደዋል፤ አማርኛ ላይ ካለም እዚያው ይቆያል። ከሺፍት ጋር ሲጫኑት እንግሊዝኛ ነው። ሥራውም ቀላል ነው፦ ኤክስ የተባለው የሊኑክስ የመስኮት ሥርዓት ለቁልፉ የሰጠው ቁጥር 66 ነው፤ ኤክስባይንድኪስ በሚባለው ፕሮግራም ቁጥሩን ከትእዛዙ ጋር ማሰር ብቻ ነው።

ለማውስም ይኸው የአንድ መድረሻ ሕግ ይሠራል። ኤክስ የጎማዋን መሽከርከር እንደ ቁልፍ ስለሚቆጥረው 4 እና 5 ወደ ላይና ወደ ታች፣ 6 እና 7 ወደ ጎን ናቸው፤ የአውራ ጣት ቁልፎች የሚጀምሩት ከ8 ነው። እነሱን ለኮፒና ለፔስት ማዋል ብክነት ይመስለኛል፤ ሊኑክስ ላይ ጽሑፉን መምረጥና የመሃሉን ቁልፍ መጫን ይበቃል። ስተረጉም 8 ምንጩን፣ 9 ትርጉሜን ከፊት ያመጣልኛል። ኦልት ታብ መጨረሻ የተነካውን መስኮት ስለሚያስቀድም፣ መሃል ላይ መዝገበ ቃላት ከከፈትኩ መንገዱ ይዛባል። መስኮቱን በርእሱ የሚጠራ ትእዛዝ ግን አይዛባም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ካፕስ ሎክን የሚያሰናብተው ትእዛዝ ወጥተው ሲገቡ ይጠፋል፤ በገቡ ቁጥር አብሮ እንዲሠራ መደረግ አለበት።

ዌይላንድ በተባለው አዲሱ የመስኮት ሥርዓት ላይ ኤክስባይንድኪስ አይሠራም፤ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ቁልፍ እንዲጠልፍ አይፈቀድም፤ ይህም ለደኅንነት ተገቢ ነው። እዚያ ቁልፍ ለመቀየር እንደ ኪዲ ያለ፣ ከዴስክቶፑ ሥር የሚሠራ መሣሪያ ያገለግላል። መስኮትን በርእሱ መጥራት ግን በየዴስክቶፑ ይለያያል፤ ለዚህ ስል የትርጉም ሥራዬን አሁንም ኤክስ ላይ እሠራለሁ።