ሲሮጡ የታጠቁት

በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው ለራሱ የማይሳሳ ሰው ነው። ምስጋና በቦታው ሲሆን መልካም ነገር ነው፤ ያለቦታው ሲሆን ግን ሰውን እስከ መግደል ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ ልተቸው ያሰብሁት፥ በአምቡላንስ ሥራ ለሚደክሙ ወገኖቻችን የምንሰጠውን እንዲህ ያለውን ምስጋና ነው።

በቅርቡ ቦሌ መድኃኔ ዓለም አጠገብ አንድ እግረኛ በመኪና ተገጭቶ ወድቆ ሳለ አምቡላንስ ደረሰ። ከውስጡ የወረደው ወጣት፥ ጓንቱ ከኪሱ ብቅ ብሎ እየታየ፥ ደም የሚፈስሰውን ቁስል በባዶ እጁ ያዘ። ቁስለኛው በቃሬዛ ከገባ በኋላም እርሱ ቀበቶ ሳይታጠቅ ከኋላ እንደ ቆመ ሾፌሩ ወደ መገናኛ ከነፈ። የተሰበሰበው ሰው «ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» አለ። እኔም ካመሰገኑት አንዱ ነበርሁ። ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳስበው ግን በራሴ አፈርሁ።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ዓመት ሳይሞላው ጦርነት መጣ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በኢጣልያ አውሮፕላኖች ተደብድቦ፥ ቁስለኛውም አካሚውም በአንድነት ተጎዳ። እነዚያ ሰዎች አደጋውን አልጠሩትም፤ ጠላት አመጣባቸው እንጂ። በኪሱ ያለውን ጓንት ያላጠለቀ ሰው ግን አደጋውን በገዛ እጁ ይጠራዋል። እንግዲህ ሁለቱን በአንድነት ጀግንነት ብለን ብንጠራቸው፥ የፊተኞቹን እናዋርዳለን፤ የኋለኛውንም እናሳስታለን።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በደም የሚተላለፈው የጉበት በሽታ ቫይረስ ከሰው አካል ወጥቶም 7 ቀን ያህል ሊቆይ ይችላል፤ መከላከያ ክትባቱም 3 ጊዜ የሚሰጥ ነው። ያገለገለ መርፌ የወጋው ሠራተኛ የኤች አይ ቪን መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፥ ይልቁንም ሳይውል ሳያድር መጀመር ይገባዋል። ነገር ግን «ፈሪ ይሉኛል» ብሎ መወጋቱን የደበቀ ሰው ሰዓቱ ያልፍበታል፤ ዕዳውም ለቤተ ሰቡ ይተርፋል። ቀበቶ ያልታጠቀው አስታማሚም መኪናው ድንገት በቆመ ጊዜ በሕመምተኛው ላይ ይወድቃል፤ ሊያድነው የመጣውን ሰው ራሱ ይጎዳዋል ማለት ነው።

መጠንቀቅ እንደምንችል ከዚህ በፊት ታይቷል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፥ ወደ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ሕመምተኛ የሚያመላልሱት ከራስ እስከ እግራቸው ተሸፍነው አይተናል፤ ፈሪ ያላቸውም አልነበረም። ፍርሃቱ ሲያልፍ ጥንቃቄውም አብሮ ካለፈ፥ ያን ጊዜ ያስተማረን ፍርሃት እንጂ ማስተዋል አልነበረም።

ጥፋቱን ሁሉ በሠራተኛው ላይ መጣል ግን ግፍ ነው። ጓንት ሳያቀርብ፥ ዕረፍትም ሳይሰጥ ተጠንቀቁ የሚል አለቃ ትእዛዙ ከንቱ ነው። እኛም ብንሆን ወደ 907 ወይም ወደ 939 ደውለን ገና ሳይደርሱ የምንሳደብ፥ ሳይረን እየሰማን መንገድ የማንለቅ፥ ሾፌሩን ወደ ጥድፊያ የምንገፋ ሰዎች ከበደሉ ነጻ አይደለንም።

በወንጌል የተነገረለት ደግ ሳምራዊ እንኳ አስቀድሞ ቁስሉን አክሞ አሰረ፤ ከዚያ በኋላ በእንስሳው ላይ ጫነው። ርኅራኄው ሥርዓቱን አላስረሳውም። አባቶቻችንም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል። ስለዚህ ሌላ ቀን እንዲህ ያለውን ወጣት ስናይ ማጨብጨቡን ትተን፥ «ልጄ፥ መጀመሪያ ጓንትህን አጥልቅ» እንበለው። ለእርሱም ለቁስለኛውም ከምስጋናችን ይልቅ ይህ ይበጃቸዋል።