የውድነሽ ስለት

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ መኪናው ማንኩሳ ላይ በቆመ ቁጥር ውድነሽ በጣሙ ትዝ ትለኛለች፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለችው የበዛብህ እናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን ልብ ወለድ ብዙዎቻችን ለሰብለና ለበዛብህ ስንል ነው የምናነበው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ከቀበረች በኋላ ደግሜ ሳነበው ግን ዓይኔ ከውድነሽ አልነቀል አለ።

ባል እየሞተባት ሰው የፈራት ሴት ናት። ልጇም እንዳይሞትባት ፈርታ፣ ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳለች። ስለቱን የተሳለችው እሷ፣ ዕዳውን የከፈለው በዛብህ!

መከራ ልብን ያራራል እንላለን፤ እውነት ነው። እናቴ ዛሬ የማታውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ሳይቀር ደርሳ አብራ ታለቅሳለች። ማታ ደግሞ «አንተስ ከአጠገቤ እንዳትርቅ» ትለኛለች። ሐዲስ ይህን ሁለት መልክ አይተውታል፤ በጣሊያን ለዓመታት የታሰሩ ሰው ናቸውና ሐዘንን አላሞካሹትም። ውድነሽ ላይም አልፈረዱባትም። እኔ መጽሐፉን የምወደው ለዚህ ነው።

የአዲስ አበባውን ትኬት ቆርጫለሁ። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም።